ሒሳቡ ተከፍሏል፤ ዕዳውስ?



በዚህ እትም ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከኑሮአችን የመነጨ ነው። ዛሬ ከቁምስናዎቻችን ብዙ ሰዎች ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ብቻቸውን ወደ ትልቅ ከተማ ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ በራሳቸው ገንዘብ፣ ሌሎቹም በጋባዡ ድርጅት ወጪ፣ በአዲስ አበባ በሚገኙ ታላላቅ ሆቴሎች ያድራሉ። በሌላ በኩል በእነዚሁ ሆቴሎች አልጋ የሚያነጥፉት፣ ምግብ የሚያቀርቡት፣ ሻንጣ የሚሸከሙትና ሌሊቱን በር ላይ ቆመው የሚያነጉት ከእኛው መካከል የወጡ ወጣቶች ናቸው። እሑድ በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያስቀድሱ ሁለት ምእመናን፣ ሰኞ አንዱ እንግዳ ሌላው አስተናጋጅ ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ እንጠይቃለን፦ እንግዳው በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ከፍሎ ደረሰኙን ከተቀበለ በኋላ፣ በዚያ ቤት ላገለገሉት ሰዎች ገና ያልከፈለው ዕዳ ይኖርበት ይሆን? ወይስ ገንዘቡ ሁሉን ነገር ዘግቶታል?

እንግዳና ንግድ

«እንግዳ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው የማናውቀውን፣ ለአገሩ ባዳ የሆነውን ሰው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በቤታችን ተቀብለን ያከበርነውን ሰው ነው። ባዳውና የተከበረው በአንድ ስም ይጠራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የበር መከፈት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የቃሉን ሥር ብንመረምር በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ነገደም ማለት ሆኖ እናገኘዋለን። መንገደኛውና መጻተኛው «ነግድ» የተባለው፣ «ንግድ»ና «ነጋዴ» የሚሉት ቃላትም የተገኙት ከዚሁ ሥር ነው። እንግድነትና ንግድ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳን በገንዘብ ማስተናገድ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብለን መደነቅ አይገባንም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሁለቱን ቅርንጫፎች ለይተው ያውቁ ነበር። በገጠር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ሲጣራ፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይለው ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ መደብ ይነጠፍለታል። ሲነጋም መርቆ ይሄዳል እንጂ ዋጋ አይጠየቅም። ቤቱ የእግዚአብሔር ነው ከተባለ የማንን ቤት ማን ያከራያል?

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ የታየውም ይኸው ነው። እንደሚተረከው የከተማው ሰው በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላትን ስላልለመደ፣ ሆቴሉ መጀመሪያ ገበያ አጣ። ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳባቸውን በመክፈል ልማዱን አሳዩ። ዛሬ ያ ሆቴል በእቴጌይቱ ስም ይጠራል። በኋላ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተን፣ በ1998 ደግሞ ሸራተን በዚሁ ከተማ ተከፈቱ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ያፍርበት የነበረው ሕዝብ ሠርጉን ሳይቀር በሆቴል የሚደግስ ሆነ።

ያለፈውን ብቻ እያመሰገንን የዛሬውን ብንነቅፍ ግን እውነትን እንበድላለን። የጥንቱ መስተንግዶ የራሱ ሸክም ነበረው። እንግዳው ሲከበር ውኃ የቀዳችው፣ እህል የፈጨችው፣ በጭስ ውስጥ ያመሸችው ሴት ምስጋናው ብዙ ጊዜ አልደረሳትም። ደጁም ለሁሉ እኩል አልተከፈተም፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሳይባሉ የቀሩበት ቤት ጥቂት አልነበረም። ገንዘብ በበኩሉ ዘር አይጠይቅም። ብቻዋን የምትጓዝ ሴትም በማንም መልካም ፈቃድ ላይ ሳትንጠለጠል፣ ቁልፍ ባለው ክፍል ውስጥ በሰላም ማደር መቻልዋ ቀላል በጎነት አይደለም። ስለሆነም ጥያቄያችን በገንዘብ ማደር ኃጢአት ነውን የሚል አይደለም፤ ገንዘቡ የገዛው ምንን ነው የሚል ነው።

በወንጌል ውስጥ የተከፈለ ሒሳብ

ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር የተናገረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የሚፈጸመው በእንግዶች ማደሪያ ውስጥ ነው (ሉቃ. 10)። የቆሰለውን ሰው ሳምራዊው በራሱ ቤት አላሳደረውም፤ ቤቱ ሩቅ ነበርና። ወደ ማደሪያ ወስዶ በዚያ ሌሊት ራሱ አስታመመው፤ በማግሥቱም ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደነበር ከወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ እናውቃለን (ማቴ. 20)። ሁለት ዲናር እንግዲህ የሁለት ቀን ላብ ነው። ወንጌላዊው ለዚያ ማደሪያ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ፓንዶኬዮን» ነው፤ ትርጉሙም ሁሉን ተቀባይ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በመጀመሪያ፣ ጌታችን በገንዘብ የሚያሳድረውን ሰው አልነቀፈም፤ ይልቁንም የምሕረቱን ሥራ እንዲቀጥል አደራ የተሰጠው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሳምራዊው ሁለቱን ዲናር ሰጥቶ ነገሩ አለቀ አላለም፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ቢኖር በምመለስበት ጊዜ እከፍላለሁ ብሎ ሒሳቡን ክፍት አድርጎ ተወው። ፍቅር ሒሳብን አይንቅም፤ ይከፍላል። ሒሳብ በተዘጋበት ስፍራ ግን እርሱ አይዘጋም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ምእመናን፣ እርስ በርስ ከመዋደድ በቀር ለማንም ምንም ዕዳ እንዳይኖርባቸው ሲያሳስብ (ሮሜ 13)፣ ተከፍሎ የማያልቅ አንድ ዕዳ መኖሩን ያመለክታል።

ገንዘቡ የገዛው ምንን ነው?

አሁን ብቻውን ወደ ታላቅ ሆቴል የሚገባውን መንገደኛ እንመልከት። በሩን ሌላ ሰው ይከፍትለታል። ሻንጣው ከእጁ ይወሰዳል። በእንግዳ መቀበያው ስሙ በአክብሮት ይጠራል። ወደ ክፍሉ ሲወጣ አልጋው ተነጥፎ፣ ፎጣው ተጣጥፎ ይቆየዋል። ጠዋት ትቶት የሄደው ዝርክርክ ማታ ሲመለስ የለም። ይህን ሁሉ ያደረገችውን ሴት ግን ምናልባት አንድ ቀን እንኳ አላያትም፤ ሥራዋ ሳይታይ እንዲፈጸም ተደርጎ ተደራጅቷልና። ቀስ በቀስም አልጋው ራሱን የሚያነጥፍ፣ ወለሉ ራሱን የሚያጸዳ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ዋጋው ተነግሮኛል፤ ተስማምቼ ከፍያለሁ። በደረሰኙም ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ 10 ከመቶ ተጨምሮብኛል። ሠራተኛዋም የምትፈልገው ደመወዝዋን እንጂ የእኔን ርኅራኄ አይደለም። ፍትሕ ከተፈጸመ ሌላ ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። የዚህ ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው። መልካም ቃል የደመወዝን ቦታ አይተካም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮህ ጽፏል (ያዕ. 5)። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው በችግር ተገዶ የተስማማበት ደመወዝ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለት እንደማይቻል አስተምረዋል። ፍትሕ ይቅደም።

ነገር ግን ውሉን ጠጋ ብለን እንመርምረው። እንግዳው የተዋዋለው ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ነው፤ የከፈለውም ለገንዘብ ያዡ ነው። አልጋ አንጣፊዋም የተዋዋለችው ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ደመወዝዋን የምትቀበለውም በወሩ መጨረሻ ከእርሱ ነው። በእንግዳውና በእርስዋ መካከል ግን ምንም ውል የለም። አልተስማሙም፤ አልተገበያዩም፤ አንዱ ከሌላው ምንም አልገዛም። እንግዲህ ሁለቱ በመተላለፊያው ላይ ሲገናኙ የሚገናኙት ሰው ከሰው ሆነው ነው። ገንዘቡ አልጋውን ተከራየ እንጂ አንጣፊዋን አልገዛም። ይህን የዘነጋ እንግዳ ሲቆጣ ይሳደባል፤ ሲሰክር ያዋርዳል፤ ከዚህም አልፎ ብቻውን በመሆኑ ተደፋፍሮ፣ የክፍሉ ዋጋ የሴት ልጅን ክብር የሚጨምር ይመስለዋል። ይህ ድካም አይደለም፤ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ዋጋ ባለውና ክብር ባለው ነገር መካከል ልዩነት አድርጓል። ዋጋ ያለው በሌላ እኩያው ሊተካ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም። ክፍል በክፍል ይተካል። ሰው ግን በሰው አይተካም። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ በራስዋ መንገድ ታስተምራለች፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሥራውን ከሚሠራው ሰው ማንነት መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ወለል የሚጠርገው እጅና በአዳራሹ ውስጥ ንግግር የሚያደርገው አንደበት በእግዚአብሔር ፊት አንድ ዓይነት ክብር አላቸው።

ፈገግታውስ? እርሱም የተገዛ ነው የሚሉ አሉ። የከንፈር ፈገግታ በሥልጠና ሊገኝ ይችላል። ልብ ግን በነፃ ካልተሰጠ አይገኝም። እንግዳ በሌሊት ሲታመም አብሮት የሚቀመጥ ዘበኛ፣ ብቻዋን ስታለቅስ ያያትን መንገደኛ ቃል ሳይበዛ ሻይ የሚያመጣላት አስተናጋጅ፣ እነዚህ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ የሌለ ነገር ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ የንግዱ ቤት በእውነት የእንግዳ ቤት ይሆናል።

ቋንቋችንም በዚህ ላይ ይመሰክራል። ለአስተናጋጅ የምንተወውን ገንዘብ «ጉርሻ» እንለዋለን። ጉርሻ በመጀመሪያ በገዛ እጃችን ጠቅልለን በምንወደው ሰው አፍ የምናኖረው እንጀራ ነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማጉረስ አይቻልም። ታዲያ ገንዘቡን ፊቱን ሳናይ በጠረጴዛ ላይ ጥለንለት ብንሄድ፣ ስሙን ጉርሻ ብንለውም ነገሩ ጉርሻ አልሆነም። ቢያንስ ስሙን ጠይቀን፣ አመስግነን እንስጠው። የምንሰጠው ገንዘብ ባይኖረን እንኳ ስምና ምስጋና አናጣም።

በተዘጋ በር ውስጥ

የብቸኛው መንገደኛ ሌላው ፈተና ከሰው ዓይን ውጭ መሆኑ ነው። በመንደሩ ጎረቤት ያየዋል፤ ሽማግሌ ይመክረዋል፤ ቤተሰብ ይጠብቀዋል። በሆቴሉ ግን ቁጥር ያለው በር ነው። «እባክዎ አይረብሹ» የሚለውን ካርድ በእጀታው ላይ ከሰቀለ በኋላ ማንም አይገባበትም። እዚያ ውስጥ የምንሆነው ሰው እውነተኛው እኛ ነው ወይስ ከእኛ የራቀው? በሰፈራችን የምናሳየው መልካምነት የሰውን ዓይን ከመፍራት ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ቀድሞውኑ የእኛ አልነበረም፤ የጎረቤቶቻችን ነበረ።

ጌታችን ስንጸልይ ወደ ክፍላችን ገብተን በራችንን እንድንዘጋ አስተምሮናል (ማቴ. 6)። አንድ የተዘጋ በር እንግዲህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ከእግዚአብሔር የምንሸሸግበት ወይም ከእግዚአብሔር ጋር የምንገናኝበት። ልዩነቱ በእኛ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ምእመን ከመተኛቱ በፊት በአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ፣ ያንን አልጋ ያነጠፈችውን ሴት በጸሎቱ ቢያስባት፣ ሒሳቡ ላይ ያልተጻፈውን ዕዳ መክፈል ጀምሯል።

ብቸኝነቱ ራሱም ችላ ሊባል አይገባም። ሕዝባችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰው በተሞላ የምግብ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው ረኀቡ የምግብ ብቻ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በተመረጡ ማግሥት፣ ከምርጫው በፊት ወዳረፉበት የካህናት ማረፊያ ራሳቸው ሄደው ሻንጣቸውን ወሰዱ፤ ሒሳባቸውንም ከፈሉ። ከዚያም በሐዋርያዊው ቤተ መንግሥት ከመኖር ይልቅ፣ እስካረፉበት እስከ ሚያዝያ 2025 ድረስ፣ በቅድስት ማርታ የእንግዶች ቤት ኖሩ። የሰጡትም ምክንያት ድህነትን ማሳየት ሳይሆን ከሰው ተለይተው መኖር የማይችሉ መሆናቸው ነበር። በሒሳቡ ፍትሕን፣ በማዕዱ አንድነትን አስተማሩን።

ስለ አገልጋዮች ወጪ

በቁምስናዎቻችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ወይም ካህን ለሥልጠና ተጠርቶ በውድ ሆቴል ማደሩ ይገባልን? ለዚህ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ስብሰባው እዚያ ከሆነና ጋባዡ ካዘጋጀው፣ ለስላሳ አልጋ በራሱ ነፍስን አያረክስም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እንመዝን። ገንዘቡ ከማን መጣ? ለድሆች ተብሎ የተሰበሰበ ከሆነ፣ ያነሰ የሚበቃበት ቦታ ሳለ የበዛውን መምረጥ ከድሀው አፍ መንጠቅ ነው። ያ ሥልጠና ለሕዝቡ ምን ፍሬ አመጣ? ሦስተኛው ደግሞ የደረሰኝ ነገር ነው። በዘመድ ቤት አድሮ የሆቴል ደረሰኝ ማቅረብ፣ ወይም ከተከፈለው በላይ ማስጻፍ፣ በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ብልሃት አይደለም፤ ሐሰትና ስርቆት ነው። ደግሞም ዘመዱ በነፃ የሰጠውን የእግዚአብሔር እንግድነት ወስዶ በስውር መሸጥ ነው። ልጆችን አትስረቅ ብሎ የሚያስተምር ሰው የራሱ ደረሰኝ ሊመሰክርበት አይገባም።

የእኛ ደጅስ?

እስካሁን ስለ ሆቴሉ ተናገርን። የእኛ ደጅ እንዴት ነው? ብቻውን ወደ ከተማ የመጣ መንገደኛ በሆቴሉ በር ላይ እንኳን ደህና መጡ ይባላል። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ አስቀድሶ ሲወጣ ግን፣ ከየት መጣህ የሚለው አንድ ሰው ሳያገኝ ተመልሶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በደመወዝ የሚሠራው ሰው ከእኛ ይልቅ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ከተገኘ፣ የሚያሳፍረው ሆቴሉን ሳይሆን እኛን ነው። እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከነማረፊያው ለኢትዮጵያውያን መንፈሳውያን ተጓዦች ተሰጥቶ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም ያሳተሙት በዚያ ቤት ሲኖሩ ነው። ለባዕድ የተከፈተ አንድ ደጅ ያፈራውን ፍሬ ተመልከቱ።

ሁለተኛው ግዴታችን ለሆቴል ሠራተኞች ነው። ብዙዎቹ እሑድ ጠዋት በሥራ ላይ ናቸው። ከመቅደሱ ሲጠፉ እምነታቸው ቀዘቀዘ ከማለታችን በፊት፣ ተራቸው መቼ እንደሆነ እንጠይቅ። በሚመቻቸው ሰዓት ቅዳሴና ትምህርት ማዘጋጀት የእኛ ፋንታ ነው። የሆቴል ባለቤት የሆኑ ምእመናን ደግሞ የሚበቃ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀንና ከእንግዳ ጥቃት መጠበቅ ለሠራተኞቻቸው የሚያደርጉት ችሮታ ሳይሆን የሚከፍሉት ዕዳ መሆኑን ይወቁ።

ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ሁለት ዓመት የኖረው በኪራይ ቤት ነው (ሐዋ. 28)። ኪራዩን ይከፍል ነበር፤ ወደ እርሱ የሚመጡትንም ሁሉ ይቀበል ነበር። የሚኖርበት ቤት የሌላ ሰው፣ እርሱም እስረኛ ሆኖ ሳለ፣ እንግዳ ተቀባይ ከመሆን አልከለከለውም። ስለዚህ ማንም ሰው ቤቴ አይደለም፣ መንገደኛ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ ከዚህ ግዴታ ነፃ አይወጣም። ለአንድ ሌሊት በተከራየው ክፍል ደጅ ላይ እንኳ የሚያገኘውን ሰው በልቡ ሊያሳድረው ይችላል።

ጌታችን በተወለደ ጊዜ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘለትም። ወንጌላዊው ሉቃስ ለዚያ ማደሪያ የጻፈው የግሪክ ቃል «ካታሊማ» ሲሆን፣ የመጨረሻው እራት የተዘጋጀበትን አዳራሽም በዚሁ ቃል ይጠራዋል (ሉቃ. 2፤ 22)። በመግቢያው ቦታ ያጣው እንግዳ፣ በመጨረሻው ዋዜማ ራሱ አሳዳሪና መጋቢ ሆኖ ሥጋውንና ደሙን ያለ ዋጋ ሰጠን። በዚያ ማዕድ የተቀመጥን ሁላችን ሒሳቡ የተከፈለልን እንግዶች ነን። እርሱ በእያንዳንዱ ባዳ ፊት እንድናውቀው፣ በእያንዳንዱ አገልጋይ ፊት እንድናከብረው ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።